ሰዓቱን የሚያየው ሽማግሌ

ጂንካ፣ መስከረም 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

አገኘሁ፣

ጤናህን አልጠይቅም። ደህና እንደሆንክ አውቃለሁ፤ ደህና ያልሆነ ሰው የሰው ድርሰት ለማበላሸት አቅም አያገኝም። "ጋሼ" ብዬ እንዳልጀመርኩም አስተውል። በሰባት ዓመት ስለምትበልጠኝ ዕድሜዬን ሙሉ ጋሼ ስልህ ኖሬያለሁ፤ ይበቃል።

የቴአትሬን የመጨረሻ ገጽ አየሁት። ዋናዋ ተዋናይ ጸሎት በስልኳ ፎቶ አንሥታ ላከችልኝ። እሷን እንዳትቆጣት፤ የጠየቅኳት እኔ ነኝ። እኔ የጻፍኩት እንዲህ ነበር፦ አንዲት ሴት ከባሏ ቤት ወጥታ እናቷ ቤት ተጠልላለች። አራት ሽማግሌዎች ሊያስታርቋት ይመጣሉ። ወንበር ሲቀርብላቸው "ካልታረቅሽ አንቀመጥም" ይላሉ። እሷም "እንግዲያውስ ቁሙ" ትላቸዋለች። መጋረጃ ይወርዳል። አንተ ያስለማመድከው ደግሞ እንዲህ ነው፦ "እሺ አባቶቼ፣ ተቀመጡ።" ከዚያ እልልታ፣ ከዚያ ዘፈን።

እልልታውን ማን ጻፈው? "ሦስት ሥራ ከስሮብኝ የቀረሽኝ አንቺ ነሽ፣ ድርሰትሽን ስጪኝ" ብለህ ስትለምነኝ አንድ ነገር ብቻ ነው ያልኩህ፤ አንዲት ቃል አትነካም። በእናታችን አፅም ማልክልኝ። እናታችን ምን በደለችህ?

በስልክ እንዳትፈልገኝ፤ ቁጥርህን ዘግቼዋለሁ። በአፍ አልችልህም። ሁለት ጊዜ በአፍህ አባብለህ፣ ሦስተኛውን አፍህን ሳትከፍት ወደ ባሌ ወደ ማሙሸት ቤት መልሰኸኛል። የምትለው ካለህ ጻፈው፣ ፈርምበት፣ ለሾፌሩ ለሳዳም ስጠው። በየአሥር ቀኑ ከጭድ ተራ ጭኖ እዚህ ይመጣል። የጻፍከውን ነገ "አልወጣኝም" አትለኝም።

ወይ መጨረሻዬን መልስ፣ ወይ ድርሰቴን መልስ።

ሙሉብርሃን


መርካቶ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ ለሙሉብርሃን፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ከእግሬ እብጠት በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ስኳሩ ነው ይላሉ። ባለቤቴ ሠርኬ በጣም አድርጋ ሰላም ትልሻለች። የእናታችን ቤት ጣሪያ ተቀይሯል፤ አሁን ዝናብ አያስገባም። ነገሩን በሰላምታ አታለባብሰው እንደምትይኝ አውቃለሁ፤ ግን ሰላምታ የሌለው ደብዳቤ መጻፍ አላደግኩበትም።

የመጨረሻውን ገጽ የለወጠው አዘጋጁ ብሩክ ነው። እኔ አልከለከልኩትም፤ ጥፋቴ ይኸው ነው። ደግሞም ልጁ ተሳስቷል አልልም። ሙሉዬ፣ እኔ በዚህ ሥራ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው። የዱቄት ሙጫ በባልዲ ይዤ የሰው ፖስተር ስለጥፍ ጀመርኩ። ሞንታርቦ በመኪና ጭኜ ከአውቶቡስ ተራ እስከ ሰባተኛ "ዛሬ! ዛሬ!" እያልኩ ጉሮሮዬ ደምቷል። ፊልሜ ሲኒማ ቤት በገባ በሳምንቱ ኮፒው እዚሁ መርካቶ አስፋልት ላይ ተዘርግቶ ሲሸጥ ቆሜ አይቻለሁ። ሰው ሁሉ ወደ ዩቲዩብ ሲሄድ እኔ ወደ መድረክ ተመለስኩ። ተመልካች ምን እንደሚወድ ከማንም አልማርም።

የመርካቶ ነጋዴ ቅዳሜ ሱቁን ዘግቶ ሚስቱን ይዞ የሚመጣው "እንግዲያውስ ቁሙ" ሊሰማ አይደለም። ሽማግሌ ተዋርዶ መጋረጃ ሲወርድ የሚያጨበጭብልሽ ይመስልሻል? ወንበር ነው የሚወረውርብኝ። ይህ ደግሞ ከወደቀብኝ ሌላ የለኝም፤ ሥራውን ትቼ እቤቴ መቀመጤ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የጻፍሽው የራስሽን ታሪክ እንደሆነ የሚያውቅሽ ሁሉ ያውቃል። እናታችን አለች። ማሙሸትም ስሙ ተለውጦ አለ። ወንድም ግን የለም። ለእኔ አዝነሽ የተውሽኝ መስሎኝ ደስ አለኝ። ተሳሳትኩ?

ወንድምሽ አገኘሁ


ጂንካ፣ ጥቅምት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

አገኘሁ፣

ጣሪያው ስለተቀየረ ደስ ብሎኛል። እግርህን ተጠንቀቅ። ሠርኬን ሳምልኝ። ሰላምታው እዚህ ላይ አለቀ።

ወንድም የለም አልክ? አለ እንጂ። አራተኛው ሽማግሌ ማን መሰለህ? ቃል የለውም። ከሦስቱ ኋላ፣ በር አጠገብ፣ ጃንጥላውን በብብቱ ይዞ ቆሞ ሦስት ጊዜ ሰዓቱን ያያል። ሃያ ሰባት ዓመት ድርሰት ሲያነብ የኖረ ፕሮዲውሰር ራሱን አላወቀም!

የካቲት 1998። ማሙሸት የሰበረው ክንዴ በጀሶ ታስሮ እናታችን ቤት ከገባሁ ሦስተኛ ቀኔ ነበር። የገበያው ሽማግሌ አቶ ኪዳነ ማርያም ሌሎች ሁለት አስከትለው ገቡ፤ ከኋላቸው አንተ። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ወንድሜ ደረሰልኝ፣ ከጎኔ ይቆማል አልኩ። የሴቷ ወንድም የሚቆመው ከቤቷ ሰዎች ጋር እንደሆነ የማያውቅ የጭድ ተራ ልጅ አለ? አንተ ግን ከነሱ ጋር ቆምክ። ሠላሳ አምስት ዓመት ሳይሞላህ ሽማግሌ ሆነህ መጣህብኝ።

"ካልታረቅሽ አንቀመጥም" አሉ አቶ ኪዳነ ማርያም። እናታችን አለቀሰች። አንተ ሰዓትህን አየህ። እኔ ክንዴን አሳየኋቸው። አንተ ሰዓትህን አየህ። ሦስተኛ ጊዜ ስታይ "እሺ አባቶቼ፣ ተቀመጡ" አልኩ። እነሱ ተቀመጡ። አንተ ሳትቀመጥ ወጥተህ ሄድክ። ከዚያ በኋላ ማሙሸት ቤት አሥራ አንድ ዓመት ኖሬ በ2009 ለማንም ሳልናገር የጂንካን አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

እና መጨረሻውን ብሩክ ጻፈው ትለኛለህ። ብሩክ ያን ጊዜ የት ነበር? የለወጥከው በእኔው ቃል ነው። ዓይንህን በጨው አጥበህ፣ ያን ቀን ያልኩትን አውጥተህ ለጸሎት አጎረስካት።

አንዲት ጥያቄ አለችኝ። ያን ቀን የት ለመድረስ ነበር የቸኮልከው? እኔ አውቀዋለሁ። በእጅህ ጽፈህ ማየት ነው የምፈልገው።

ሙሉብርሃን


መርካቶ፣ ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሙሉብርሃን፣

በባዶ ስሜ ከጠራሽኝ እኔም እንደዚያው ልበል። ደብዳቤሽን ሱቅ ደጅ ቆሜ ነው ያነበብኩት፤ ደሜ ፈላ። "ወንድሜ ሸጠኝ" ማለት ከሆነ የፈለግሽው በቀጥታ በይው። በሽማግሌ፣ በጃንጥላ፣ በሰዓት አትዙሪኝ።

ቀረጻ ነበረብኝ። የመጀመሪያው ፊልሜ፣ አሥራ አንደኛው ቀን። ካሜራው የኪራይ፣ ቪላው እስከ ቀኑ ስድስት ሰዓት ብቻ የተፈቀደልን፣ ሃያ ሦስት ሰው ተኳኩሎና ለብሶ ቆሞ ይጠብቀኛል። የፊልሙ ገንዘብ ከማሙሸት የዱባይ ተራ ሱቅ እንደነበረ ታውቂያለሽ። አንቺ ከቤቱ ወጥተሽ ብትቀሪ በማግሥቱ ካሜራው ይመለስ ነበር። እሱ ራሱ ጠርቶ ነግሮኛል። ምን ላድርግ? ሃያ ሦስት ሰው ልበትን? በዚያ ፊልም ነው ሰው የሆንኩት። በዚያ ፊልም ነው እናታችን የታከመችው። አንቺም ብትሆኚ ፖስተሩ ላይ "ፕሮዲውሰር አገኘሁ" የሚለውን አይተሽ ስቀሻል። አስታውሳለሁ።

ጻፍኩልሽ። ረካሽ?

መጨረሻሽ ተመልሷል። ደግነቴ እንዳይመስልሽ። ጸሎት "ይቺን ቃል አልልም፣ ከፈለጋችሁ ሌላ ሰው አምጡ" ብላ ልምምድ ላይ ቁጭ አለች። መክፈቻው ደግሞ ኅዳር 21 ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ፖስተሩ ተለጥፏል። እንደ ልማዴ የገበያው ሽማግሌዎች ፊት ረድፍ ይቀመጣሉ፤ መርቀው ያስጀምሩልናል። ከነሱ ጎን ላንቺ ወንበር ይዣለሁ። ነይና በዓይንሽ እዪ።

አገኘሁ


ጂንካ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

አገኘሁ፣

አልመጣም። ተማሪዎቼ ፈተና ላይ ናቸው ልልህ ነበር፤ ፈተናው ግን ባለፈው ሳምንት አልቋል። ያን ሁሉ ፊት ማየት ገና አልቻልኩም።

ፖስተሩን አይቼ መሳቄ እውነት ነው። በግራ እጄ ይዤው ነበር የሳቅኩት። ቀኙ ገና አልታዘዝ ይለኝ ነበር።

ረካሁ ወይ? አልረካሁም። የት እንደቸኮልክ ጻፍክ እንጂ ጥፋት ነው አላልክም። ሃያ ሦስቱን ሰው ቆጥረህ ጻፍክልኝ፤ እኔ በየትኛው ቁጥር ውስጥ ነበርኩ?

ፊት ረድፍ ላይ አቶ ኪዳነ ማርያም አሉበት? ካሉበት የያዝከውን ሥራ አላወቅከውም ማለት ነው። አስብበት።

ሙሉብርሃን


መርካቶ፣ ኅዳር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ እህቴ ሙሉ፣

እንኳን ደስ ያለሽ! እንኳን አብሮ ደስ ያለን!

አዎ፣ አቶ ኪዳነ ማርያም ነበሩበት። ሃያ ሰባት ዓመት ያለሳቸው ምርቃት ሥራ ጀምሬ አላውቅም። ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ "ዘንድሮ ይቅርብዎ" ብዬ በየትኛው አፌ ልንገራቸው? አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። የምን አለሽ ተራ ቆርቆሮ ቀጥቃጮች ሳይቀሩ ታጥበው መጡ። የማሙሸት ሱቅ ጎረቤት የነበረችው ጨርቅ ነጋዴዋ ጠሂራ አሥራ ሁለት ሴት አስከትላ መሃሉን ይዛለች። አንቺን ጠየቀችኝ፤ ደህና ናት አልኳት።

መጨረሻው ላይ መድረኩ ላይ ያሉት ሽማግሌዎች "ካልታረቅሽ አንቀመጥም" አሉ። ጸሎት እንደጻፍሽው ዝም አለች። ይኼኔ አቶ ኪዳነ ማርያም ከፊት ረድፍ ብድግ አሉ! ከዘራቸውን ተመርኩዘው "ልጄ፣ ስለ መድኃኔዓለም ብለሽ" አሏት። ሰው የቴአትሩ ክፍል መስሎት አጨበጨበ። እሳቸው ግን የምራቸውን ነው። ሽማግሌ ቆሞ ሲለምን፣ ሴት ዝም ስትል ማየት አልቻሉም። "እኔም አልቀመጥም" አሉ። ጎናቸው ያሉት ተነሡ። እነሱ ቆመው ማን ይቀመጣል? ሁለተኛው ረድፍ ተነሣ፣ ሦስተኛው ተነሣ፣ አዳራሹ በሙሉ ቆመ። "ታረቂ! ታረቂ!" ግድግዳው ተነቃነቀ።

ጸሎት ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። ያንን ሁሉ ሰው ብቻዋን ቆማ ቻለችው። ቃልሽንም በመጨረሻ ተናግራዋለች። እንዲህ ያለ መክፈቻ በዕድሜዬ አላየሁም። የሚቀጥሉት ሦስት ቅዳሜዎች ከወዲሁ ተይዘዋል። ሰው ወንበር ይወረውራል ማለቴን አንሥቻለሁ።

ወንድምሽ አገኘሁ


ጂንካ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

አገኘሁ፣

የአቶ ኪዳነ ማርያምን ከዘራ ሳይቀር ጽፈህልኛል። የጠሂራን ሴቶች ቆጥረህልኛል። አንድ ሰው ግን ጎድሏል።

"በመጨረሻ ተናግራዋለች" ምን ማለት ነው? ከምን በኋላ? ያ ሁሉ ሰው ቆሞ አንዲት ልጅ ላይ ሲጮህ አንተ የት ነበርክ? እጅህ ምን ይሠራ ነበር?

ጸሎትን ደውዬ ልጠይቃት እችላለሁ። አልጠየቅኳትም። ከአንተ ነው የምፈልገው። እውነቱን ካልጻፍክ ለሳዳም ባዶ ወረቀት እንዳትሰጠው።

ሙሉብርሃን


መርካቶ፣ ታኅሣሥ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሙሉ፣

ከመድረኩ በስተግራ፣ ከመጋረጃው ገመድ አጠገብ ነበርኩ።

ጩኸቱ ሲበረታ ጸሎት ዞር ብላ አየችኝ። "ምን ላድርግ?" ነው ያለችኝ በዓይኗ። እኔ ሰዓቴን አየሁ። አዳራሹን የተከራየነው እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ነበር፤ ለእሱ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ገና ብዙ ጊዜ ነበረን። ከዚያ ገመዱን ሳብኩት። መጋረጃው ወረደ፤ ቃልሽን ሳትናገር። ታረቀች ብለው ይሂዱ፣ ሥራው ይትረፍልኝ አልኩ በልቤ። እንዳሰብኩትም ሆነ። አዳራሹ እልል አለ። "እልልታውን ማን ጻፈው?" ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። ማንም አልጻፈውም፤ ራሱ መጣ።

ጸሎት ጎንበስ ብላ በመጋረጃው ሥር ሾልካ ወጣች። እልልታው ቀጥ አለ። "እንግዲያውስ ቁሙ" ስትል ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ ሰማኋት። አልጮኸችም። አቶ ኪዳነ ማርያም ቆመው ቀሩ። ማንም ተቀመጡ አላላቸውም።

አራተኛም ጊዜ መለስኩሽ። ማሙሸት ከሞተ አራት ዓመቱ ነው። የሚጠብቀኝ ካሜራ የለ፣ የሚያስፈራራኝ ሰው የለ። ማንም ሳያስገድደኝ አደረግኩት። ያን ጊዜም ቢሆን ለካ ያስገደደኝ አልነበረም። ጥፋት ነው። ያኔም ጥፋት ነበር።

አፍሬያለሁ። ይቅር በይኝ። ሽማግሌ አልልክብሽም።

አገኘሁ


ጂንካ፣ ታኅሣሥ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

አገኘሁ፣

ይቅር አልልህም። ደብዳቤህን ካነበብኩ በኋላ ሁለት ቀን ማስተማር አቃተኝ። ተማሪዎቹ ያመመኝ መሰላቸው። ንዴት ነው። ያ እልልታ ጆሮዬ ውስጥ ነው ያለው፤ እኔ ሳልኖርበት ነው የሰማሁት። አልታረቅም ያለችውን ልጅ ጋርደህ አስጨበጨብክ!

ጥፋት ነው ማለትህን ግን አይቼዋለሁ። ስለዚህ የምትሠራውን ልንገርህ።

አራተኛውን ሽማግሌ ለሚጫወተው ልጅ ሌላ ሥራ ስጠው። ከእንግዲህ የምትጫወተው አንተ ነህ። በየቅዳሜው ጃንጥላውን በብብትህ ይዘህ በር አጠገብ ቆመህ ሦስት ጊዜ ሰዓትህን ታያለህ። የገመዱን ነገር ጸሎት ትዘዝበት፤ አንተ ገመድ አትነካም። ፖስተሩ ላይም ስምህ ከላይ ይነሣ። ከታች፣ ከተዋንያኑ ሁሉ መጨረሻ እንዲህ ተብሎ ይጻፍ፦ "ሰዓቱን የሚያየው ሽማግሌ፣ አገኘሁ።"

እምቢ ካልክ ድርሰቴን በሳዳም ላከው።

ሙሉብርሃን


መርካቶ፣ የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

እህቴ ሙሉ፣

ሦስት ቅዳሜ ቆምኩ። ፖስተሩ እንዳዘዝሽው ታትሟል። ሠርኬ ስታየው አለቀሰች። የሥራ ባልደረቦቼ "አገኘሁ ለየለት" ብለው ያሙኛል። አቶ ኪዳነ ማርያም ከዚያ ወዲህ መጥተው አያውቁም፤ ቤታቸው ሄጄ እግራቸው ላይ ወድቄያለሁ፤ "ልጅቷ እውነቷን ነው" አሉኝ።

በሃያ ሰባት ዓመት ሥራዬ መድረክ ላይ ወጥቼ አላውቅም ነበር። ትዕይንቱ አሥራ አንድ ደቂቃ ነው። ከምቆምበት ቦታ የጸሎት ክንድ ፊት ለፊቴ ነው። ጀሶው የውሸት ነው፤ ያሠራሁት እኔው ነኝ። ግን ማየት አልቻልኩም። ዓይኔን የማሳርፍበት ባጣ ጊዜ ሰዓቴን አያለሁ። ያን ቀንም ቀረጻው ብቻ አልነበረም ማለት ነው። ክንድሽን ላለማየት ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ሦስተኛውን ጊዜ ሳይ ጠሂራ ከመሃል ተነሥታ "አንተ! ምን አስቸኮለህ?" ብላ ጮኸችብኝ። አዳራሹ መልሴን ጠበቀ። ድርሰቱ ላይ መልስ የለኝም።

አንድ ልመና አለኝ። እግሬ ጫማ አልገባ ብሏል፤ ሐኪሙም ብዙ አትቁም ብሎኛል። በሩ አጠገብ አንድ በርጩማ ፍቀጂልኝ። እሱ ከከበደሽ አንዲት ቃል ጻፊልኝ፣ ጠሂራ ስትጠይቀኝ የምመልሳት። "ይቅር በሉኝ" ብቻም ብትሆን።

ወንድምሽ አገኘሁ


ጂንካ፣ የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

አገኘሁ፣

ክንዴን ላለማየት እንደሆነ ያኔም አውቄ ነበር። ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው፤ አንተ ገና አሁን ደረስክበት።

ቃል አልጽፍልህም። ያን ቀን ለእኔ አንዲት ቃል አልነበረህም፤ ለጠሂራም አይኖርህም። ትጠይቅህ። በየቅዳሜው ትጠይቅህ። ደግ አደረገች በልልኝ።

ለፋሲካ እመጣለሁ። ወንበር ያዝልኝ፤ ፊት ረድፍ ሳይሆን መሃል፣ ከጠሂራ ጎን። መድኃኒትህን አታቋርጥ። ከትዕይንቱ በፊትና በኋላ እግርህን ከፍ አድርገህ አሳርፈው።

በርጩማውን ግን አልፈቅድም። አንተ አሥራ አንድ ደቂቃ ነው የምትቆመው። እኔ "ተቀመጡ" ብዬ እናንተን አሳርፌ አሥራ አንድ ዓመት ቆሜያለሁ። ይቅር በይኝና ልቀመጥ ነው የምትለኝ።

እንግዲያውስ ቁም።

ሙሉብርሃን